ሰሌዳው ላይ የቆመው እጄ

ልጆቹ ተናገሪ አሉኝ። የልጅ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው እሁድ ከቸርች ስንመለስ ከበቡኝና አንደኛዋ ስልኳን አፌ ስር ደቅና፣ «አያቴ፣ ትምህርት ቤት ሳትገቢ እንዴት ነው ለሙሽራ ቃል የምታወጪው? ከሀደሮ ድረስ ሰው እየመጣ ይጠይቅሻል እኮ፤ ንገሪንና እንቅዳሽ» አለችኝ። ስልክ ፊት መናገር አልወድም፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል። «ስልክሽን አንሺልኝ፤ እጽፍላችኋለሁ» አልኳት። ሳቁ። ይሳቁ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

እኔ ስጽፍ መንገድ እንደምሄደው ነው፤ ሰው ካገኘሁ ቆሜ ሰላም ሳልል አላልፍም። ስለዚህ ብዞርባችሁ አትቆጡኝ፤ ወደ ነገሬ መመለሴ አይቀርም።

የተወለድኩት ሀቢቾ አካባቢ ነው። ወንድሞቼ ደብተር ይዘው ሲሄዱ እኔ ከእናቴ ጋር እንሰት ስር ነበርኩ። እንሰት መፋቅ ዛሬ ለከተማ ልጅ ሥራ አይመስለውም፤ ግን አንድ እግርሽን አንስተሽ ልጣጩን ከሳንቃው ጋር ይዘሽ፣ በቀርከሃው መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ስትልጊው ጀርባሽም ትንፋሽሽም አንድ ላይ ነው የሚሄደው። በዚያ ሥራ ከእኩዮቼ አንደኛ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ማንም ሰርተፊኬት አልሰጠኝምና እኔው ልናገረው።

ፊደል የቆጠርኩት ባሌ ከሞተ በኋላ፣ ልጄ ዘንድ ሆሳዕና ከገባሁ በኋላ ነው። ቸርቻችን ለእናቶች የንባብ ትምህርት አዘጋጅቶ ነበር። የምናነበው መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ፣ የምንጽፈውም ከዚያ የተቀዳ ብቻ። በኋላ ክፍሉ ለመዘምራን መለማመጃ ሆነና ትምህርቱ ቆመ። ጠርዙ የተሰነጠቀው ጥቁር ሰሌዳ ሊጣል ሲል፣ «ለእኔ ስጡኝ» አልኩ። ልጄ በራሱ ላይ ተሸክሞ አመጣልኝ። ብዙ ጊዜ ያገለገለው ግን ዶሮዎች ጓዳ እንዳይገቡ በር ላይ እየተጋረደ ነው። ዶሮ የማያከብረው ሰሌዳ ነበር፤ ላዩ ላይ ያልወጡበት ቀን የለም።

ስለ ባሊሻ ካልነገርኳችሁ የቀረው ነገር አይገባችሁም። የዛሬ ልጆች ስሙን ትሰሙት ይሆናል እንጂ አልኖራችሁበትም። በእኛ በሀዲያዎቹም በከምባታዎቹም ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን መተው ብቻ አይደለም፤ ስሙ የሚጀምርበትን ድምፅ ያህል እንኳ ይዞ የሚጀምር ቃል ከአፏ አይወጣም። በምትኩ ሌላ ቃል ትፈልጋለች፤ ካጣች ዞራ ዞራ ታስረዳለች። ብትስት የሚመታት የለም። ግን ጨዋ ሴት የምትለየው በዚህ ነበር፤ እኔም ጨዋ ሴት ነበርኩ።

የአማቴ ስም የሚጀምረው በ«ሚ» ነው። የቀረውን አሁንም አልጽፍም።

ነገሩ ለቋንቋችን እንጂ ለአማርኛ የተባለ አልነበረም፤ እኔ ግን ለጥንቃቄ ብዬ አማርኛውንም ጨመርኩበት። ገበያ ወጥቼ ሚጥሚጣ ስፈልግ «ያንን የሚያቃጥለውን» እላለሁ። ነጋዴዋ፣ «እናት፣ ዘንድሮ የማያቃጥል ምን አለ? ዋጋውም ያቃጥላል» ትለኛለች። ሚዛኑን «ያ የሚንጠለጠለው» ነበር የምለው። አንጋጫ የሚሄደውን ሚኒባስ «ትንሿ መኪና» ስል ረዳቱ ባጃጅ ላይ ሊሰቅለኝ ጎትቶኝ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ያስቃል እንጂ አይከብድም። የከበደኝ አንድ ቃል ነበር፤ ሚኔ። በሀዲይኛ ቤት ማለት ነው፤ ከምባታዎቹም በጥቂት ልዩነት ያንኑ ነው የሚሉት። አግብቼ የገባሁበትን ቤት በገዛ ቋንቋዬ ቤት ማለት አልቻልኩም። «መጠለያው» እላለሁ፤ «የምናድርበት» እላለሁ። ልጆቼን እዚያው ወልጄ፣ ጣሪያውን ስንቴ በሣር አስከድኜ፣ ቤት ብዬው አላውቅም። አማቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። «መጠለያውን ጠርጌያለሁ» ስል ቀና ብለው አይተውኝ ፈገግ ይላሉ። እንግዳ ካለም ወደ እንግዳው ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ይሉታል። ምን እንደሚሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ምራት የአማቷን ጨዋታ አታዳምጥም።

አሁን ወደ ሙሽራዋ ልመለስ። የትልቁ ልጄ ልጅ ናት። አባትና እናቷ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ገና ከጡት መለየቷ ነበር፤ እኔ ጀርባ ላይ አደገች። ዛሬ እዚሁ ሆሳዕና የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ያኔ ያጫት ልጅ የአንጋጫ ከምባታ ነው፤ ቤተሰቡም የተከበረ፣ የተማረ፣ ጸሎተኛ ቤተሰብ።

በእኛ ሴቶች ዘንድ ሙሽራ ከደጅ ስትወጣ ከወገኗ አንዲት ትልቅ ሴት ቃል ትሰጣታለች። ረጅም ነገር አይደለም። ዘፈንም አይባልም፤ በዜማ የሚባል ምርቃት ስለሆነ ሽማግሌዎቻችንም አይከለክሉትም። የወንዱ ወገን ሴቶች ደጅ ላይ ሆነው የራሳቸውን ያሰማሉ፤ የልጅቷ ወገን ይመልሳል። መልስ ከጠፋ «ዝም ተብላ ወጣች» ይባላል።

እኔ ዝም ተብዬ ነው የወጣሁት። እናቴ ቀድማኝ ሞታ ነበር። አክስቶቼ ደጁ ላይ ቆመው አንዷ ሌላዋን ስትጠብቅ፣ አንዷ ሌላዋን ስትጠብቅ፣ እኔ በሩን አለፍኩ። ያ ዝምታ ጀርባዬን ሲነካኝ ይታወቀኛል፤ ዛሬም ያለበትን ቦታ በእጄ ላሳያችሁ እችላለሁ። ስለዚህ ሴት ልጆቼን አንዳቸውንም ዝም ብዬ አልሸኘሁም። እንሰት ስፍቅ እጄ ሲሄድ ቃሉ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ተጠርቶ እንደሚመጣ ልጅ።

ከተማ ስገባ ግን የምፍቀው እንሰት የለኝም። ቆጮው ከገበያ ተጠቅልሎ ይመጣል። ባሌ ሄደ፣ ሥራዬ ሄደ፣ ቃሉም አብሯቸው ሄደ። ሰርጉ ሲቆረጥ ስንት ቀን ቁጭ ብዬ ፈለግኩት መሰላችሁ! ባዶ። ጉድጓድ ከፍታችሁ ቆጮው አልቆ ኮባው ብቻ ሲቀር ታውቃላችሁ? እንዲያ።

በዚህ ላይ የሙሽራው አያት ቃል አዋቂ ናት፤ በአንጋጫ ገበያ የማያውቃት የለም። በነጋዴ ሴቶች በኩል ላከችብኝ፦ «የሆሳዕናዋ እህቴ የዚያን ቀን ትመልሳለች ወይስ ትስላለች?» እኔም፣ «መጀመሪያ ሳሌን ችላ ትመልስ በሏት» ብዬ ላክሁ። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ሙሽራዋ ልጄ ከሥራ ስትመለስ እዚያው አገኘችኝ። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ «አያቴ፣ ቀለበቱም ቬሎውም ባይኖር ግድ የለኝም፤ አንቺ ያልሽልኝን ይዤ ልውጣ» አለችኝ። «ደግሞ በአማርኛ ይሁን፤ የእነሱም ወገን የእኛም ወገን እኩል ይስማው።»

«በሀዲይኛ የጠፋኝን በአማርኛ ከየት ላምጣው?»

ከዚያ ለአስተማሪዎች በተሰጠ ስልጠና ላይ የተማረችውን ነገረችኝ። ተማሪዎቿ መጻፍ ሲፈሩ የምታደርገው ነው። ጧት ከሰው ጋር ወሬ ሳይጀምሩ፣ እጅ ሳያቆሙ፣ የመጣውን መጻፍ። መምረጥ የለም፤ መሰረዝ የለም።

«የምጽፈው ቢጠፋኝስ?»

«‹ጠፋኝ› ብለሽ ጻፊ። እጅሽ ብቻ አይቁም።»

«እስከ መቼ?»

«ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታጠፊዋለሽ፤ ሰሌዳ አይደል?»

«ደክሜ ጽፌ ላጥፋው?»

ሳቀች። «እንሰት ስትፍቂ እየመረጥሽ ነበር የምትፍቂው?»

«እንዴት ይሆናል! ዝም ብሎ ይፋቃል፣ ይጠቀለላል፣ ይቀበራል። ሻካራውና ደቃቁ የሚለየው ጉድጓዱ ሲከፈት ነው።»

«በቃ ይኸም እንደዚያ ነው፤ አንቺ ፍቂው።»

ይህ ገባኝ። የስልጠናው ነገር አልገባኝም ነበር፤ ፍቂው ስትለኝ ግን ገባኝ።

በማግስቱ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ከሶላት ተመልሶ ባጃጁን ሲያስነሳ ተነሣሁ። ሁልጊዜ ሲያሞቃት ታጓራለች፤ ለእኔ ደወል ሆነችኝ። ማንቆርቆሪያዬን ጣድኩ። ዶሮዎቹን አባርሬ ሰሌዳውን አዞርኩ። ጠመኔ ከመያዜ በፊት ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ በቸርች የለመድኩት ነው። ከዚያ ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ ማንቆርቆሪያው ሲንተከተክ ሰሌዳው ሞልቷል። ደስ አለኝ። ልጄን ጠራኋት።

አነበበችውና ከንፈሯን ነከሰች። የጻፍኩት ሁሉ በቃሌ የማጠናው ጥቅስ ነበር፤ ከዘፍጥረት ጀምሬ ነቢያቱ ጋ ደርሻለሁ።

«አያቴ፣ ይሄማ ተጽፎ ያለቀ ነው። ጌታም ያውቀዋል። እሱ የማያውቀውን ጻፊ።»

«እሱ የማያውቀው ነገር የለም!»

«እሺ እሺ፣ እኔ የማላውቀውን።»

እኔን የመሰለች ሴት ሁሉ የምትሳሳተው ይህን ነው። ፊደል የሰጠን ቸርች ነው፤ ጠመኔ የሚነካው ለቅዱስ ነገር ብቻ ይመስለናል። ስለ ዶሮ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጎረቤት ነገር መጻፍ ነውር መሰለኝ። ብዙ ጧት በዚያው ቀጠልኩ፤ እጄ ሳይቆም ይሄዳል፣ ግን የሚሄደው ሰው በረገጠው መንገድ ነው።

አንድ ጧት ጥቅሱ አለቀብኝ። እጄ እንዳይቆም ፈርቼ ያኔ አፌ ውስጥ የነበረውን ጻፍኩ፦ «ምራቴ ጨው ታበዛለች።» ማንቆርቆሪያው ፈላ፤ ሳላጠፋው ሻይ ልቀዳ ወጣሁ። የምኖረው ከትንሹ ልጄና ከሚስቱ ጋር ነው፤ ምራቴ መናኸሪያው ጋ ሱቅ አላት፤ ደርባባ ናት፣ ምላስ ግን አላት። ስመለስ ወገቧን ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማለች።

«እማማ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የመጣልኝ ነው።»

«ከዓለም ሁሉ ጨው ነው የመጣልዎት?»

«እጅ ማቆም ክልክል ነው ተብያለሁ፤ ምን ላድርግ?»

ጠመኔውን ከእጄ ወሰደችና ከስር ጻፈች፦ «ልጅዎ ጨው ስለሚወድ ነው።» ተያየን። ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም፤ ዶሮዎቹ በድንጋጤ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳውን የምታጠፋው እሷ ሆነች። «ሳላነበው አይጠፋም» አለች። ጨውም ቀነሰች። ወጡ አልጣፈጠም፤ ይህንንም ጻፍኩት።

ከጨው በኋላ በሩ ተከፈተ። ያልጠራሁት ሁሉ መጣ። ሀቢቾ በክረምት የሚሞላው ወንዝ ቀለሙ። እናቴ የቀርከሃው ስለት ሲደንዝ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ በጥፍሯ እየመታች የምትሰማው። ባሌ ከሩቅ ሲመጣ የሚያፏጨው፣ ሁለት ጊዜ አጭር አንድ ጊዜ ረጅም። ረስቼው ነበር እኮ! ባሌን እንጂ ፉጨቱን ረስቼው ነበር። ጠመኔው ከየት እንዳወጣው እንጃ። የተጻፈው ይጠፋል፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ሆኜ እውላለሁ። ጎመን ስቀነጥስ የሆነ ዜማ ይይዘኛል። ለጎረቤት ሕፃን እሹሩሩ ስል በድሮው ፋንታ አዲስ ቃል ይወጣኛል። ምራቴ፣ «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ለድንቹ እየዘመሩለት ነው?» ትለኛለች።

የሙሽራዋም ቃል መምጣት ጀመረ። «ያሳደገሽ ደጅ» የሚል ጻፍኩ፤ ደስ አለኝ። ወደፊት ሄድኩ። «ግቢ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በማግስቱም እዚያው። በሌላውም ቀን እዚያው። በዚያች ቦታ ጠመኔው ወድቆብኝ የተሰበረበት ቀን አለ።

ልጄ አንድ ጧት ከበስተኋላዬ ቆማ ስታየኝ ኖራለች።

«አያቴ፣ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የምትቆሚው። ‹ግቢ› ትያለሽ፣ ከዚያ እጅሽ ይነሣል።»

«ደክሞኝ ነው።»

«ጨው ላይ አልደከመሽም።»

ጠመኔውን አስቀመጥኩ። እሷም ጠበቀችኝ፤ አስተማሪ ናት፣ መጠበቅ ታውቃለች። በመጨረሻ ነገርኳት። ሙሽራ ከአንድ ቤት ወጥታ ወደ አንድ ቤት ነው የምትገባው። ለሷ በልቤ የሚመጣው ቃል ሚኔ ነው፤ የእኛም የእነሱም ቃል ነው፤ ሁለቱም ወገን በልጅነቱ የሰማው ቃል ነው። እኔ ደግሞ ካገባሁ ጀምሮ ብዬው አላውቅም።

«ለአክስቶቼ ምን ብለሽ ነበር?»

«መጠለያ።»

«ለእኔም መጠለያ በይኛ።»

አየኋት። በጀርባዬ ያዘልኳት ልጅ ናት። መጠለያ ዝናብ ሲመጣ የሚሮጥበት ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ይወጣል። «አንቺን ወደ መጠለያ አልሸኝሽም» አልኳት።

«እሳቸው ከሞቱ እኮ ስንት ዘመን ሆናቸው።»

«ቢሞቱም አማቴ ናቸው።»

አሰበች። ከዚያ ያለችውን እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። «እሺ፣ ባሊሻ አትናገሪ ይላል። አትጻፊ ይላል?»

አይልም! ያንን ሕግ ከእናት ወደ ልጅ ያወረዱት ሴቶች ጽሕፈት አያውቁም ነበር። ስለ አፍ ነው የተነጋገሩት። ስለ ጠመኔ ማን ምን ብሎ!

በማግስቱ ባጃጇ ስታጓራ ተነሣሁ። «ያሳደገሽ ደጅ» ብዬ ጀመርኩ፣ «ግቢ» ላይ ደረስኩ፣ እጄ ሊነሣ ሲል በግራ እጄ ያዝኩት። እውነቴን ነው፤ አንዱ እጄ ሌላውን ያዘው። ጻፍኩ። ሚኔ። ሁለት ፊደል ናት። ከስሯ ደግሞ ጻፍኳት። ከዚያ ማቆም አልቻልኩም፤ የእናቴን ሚኔ፣ ያገባሁበትን ሚኔ፣ ልጆቼን የወለድኩበትን፣ ባሌ የሞተበትን፣ ስጠራቸው ስጠራቸው ሰሌዳው ሞላ፣ እንጨቱ ጠርዝ ላይ ወጣሁ። ማንቆርቆሪያው ፈልቶ፣ ገንፍሎ፣ ከሰሉን አጥፍቶት ኖሯል።

ምራቴ በጭሱ ሽታ መጣች። መናገር ጀምራ ሰሌዳውን ስታይ አፏን ያዘች። እሷም የሀዲያ ልጅ ናት፤ ቃሌን ለምን እንደምዞር ታውቃለች።

«ይሄንን አላጠፋም» አለች።

«አጥፊው፤ ሕጉ ነው።»

«እማማ፣ እርስዎ አንድ ካፈረሱ እኔም አንድ ላፍርስ።»

ሰሌዳው ያን ሁሉ ቤት ይዞ እስከ ሰርጉ ቆየ፤ ዶሮዎቹ እንኳ አልወጡበትም፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ቃሉ በዚያው ቀን ጎመን ስቀነጥስ ሙሉውን መጣ። አልፈለግኩትም፤ መጣ።

የቀረኝ አፌ ነበር። እጄ ነፃ ወጥቷል፤ አፌ ግን ገና ምራት ነው።

የሰርጉ ዕለት ድንኳኑ ሙሉ፣ የፕላስቲክ ወንበሩ ሙሉ፣ መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ከአንጋጫ ደረሱ። የሙሽራው አያት ወረደች። ቀጭን ናት፣ ረጅም ናት፣ ዘንጓን እንደ ጌጥ ነው የያዘችው። ደጃችን ላይ ቆማ ቃሏን አሰማች፤ አልዋሽም፣ ያማረ ነበር። እልልታው ሲበርድ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ልጄ በቬሎዋ እጄን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ዝምታው መጣ፤ ያ የማውቀው ዝምታ፣ ጀርባዬ ላይ የሚያርፈው።

ሳልኩ። ሆን ብዬ፣ ረጅም ሳል።

«ይኸው! ሳለች!» አለች የአንጋጫዋ። ደጁ በሳቅ ተናወጠ። በሳቁ መሃል ጉሮሮዬ ተከፈተ፦

«ያሳደገሽ ደጅ ከኋላሽ ክፍት ነው፣
ሚኔ ብለሽ ግቢ፣ የዚያም ደጅ ያንቺው ነው።
ልጄ አፍሽን አትያዥ፣ ቃልሽን አትዋጪ፣
በገዛ አፍሽ ግቢ፣ በገዛ አፍሽ ውጪ።»

ወጣቶቹ ሚኔ የሚለውን ይዘው አስተጋቡት፤ ሀዲያውም ከምባታውም በየአፉ ዓይነት። ለእነሱ የጣፈጠ ቃል ነው። አሮጊቶቹ ግን ትክ ብለው አዩኝ። የአንጋጫዋ ሕዝቡን ገፍታ መጣችና በጆሮዬ፣ «እህቴ፣ የአማትሽ ስም በምን ነበር የሚጀምረው?» አለችኝ።

«በሱው ነው።»

«በሱው? እና ዛሬ አልሽው?»

«አልኩት።»

ዘንጓን ለሆነ ሰው ሰጥታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። የድሮ ሴት እልልታ፤ ማለቂያ የለውም። ልጄ በዚያ እልልታ ውስጥ በሩን አለፈች።

ኮራሁ። ምን ብዬ እደብቀዋለሁ? መኪናው ከታጠፈ በኋላ እንኳ ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ምራቴ ወንበር አምጥታ እስክታስቀምጠኝ ድረስ።

ያቺን ጧት አልተውኳትም። እስከ ዛሬ ባጃጇ ስትነሣ እነሣለሁ፤ ሰውየው ባጃጅ ቀይሯል፣ አዲሷ ድምፅ የላትም፤ ስለዚህ ሲወጣ በሬን መታ አድርጎልኝ ነው የሚሄደው። «እማማ፣ ጠመኔ!» ይለኛል። ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ እጽፋለሁ፣ ምራቴ አንብባ ታጠፋለች። የጨውና የጉልበቴ ነገር የሆነው ብዙ ነው። ግን ቃል ሲፈለግ አይጠፋኝም። ከሀቢቾ፣ ከአንጋጫ፣ ከሀደሮ የሙሽራ እናቶች ይመጣሉ። ሲመጡ ቃል አልሰጣቸውም፤ መጀመሪያ ጠመኔ እሰጣቸዋለሁ። ፊደል የሌላትን ቁጭ ብላ ድንች እየላጠች የመጣላትን እንድታወራልኝ አደርጋለሁ፤ እጇ እስካልቆመ ድረስ ያው ነው። የቆመችበትን ቦታ ነው የምጠብቀው። ቃሏ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሰርጉ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው። ለአንዲት ሙሽራ ሀደሮ ተጠርቼ፣ እዚያው ያገባችውን የባሌን ታላቅ እህት ልጠይቃት ገባሁ። አርጅታለች፤ ፀሐይ ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች። «ያንን የተወራለትን ቃል በይልኝ» አለችኝ። የአማቴ ልጅ ናትና ሚኔ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«አንቺ ሞኝ! አባቴ እኮ የገባሽ ሰሞን ፈትቶሽ ነበር።»

«ከምኑ ነው የፈቱኝ?»

«ከባሊሻው ነዋ! ‹ይቺ ልጅ እናት የላትም፤ ከአባቷ ደጅ ዝም ተብላ ነው የመጣችው፤ እኔ ደግሞ ዝም አላሰኛትም፤ ያሻትን ትበል፤ ንገሪያት› ብሎ ለእናቴ ነገራት። በግርግዳው ቀዳዳ ሰምቻለሁ። እናቴም እሺ አለች።»

«እናትሽ አልነገሩኝም።»

«አትነግርሽማ። ‹እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምኩትን እሷ ለምን ትጣለው?› ትል ነበር። አባቴ ግን እናቴ ነግራታለች ብሎ ነው የሞተው። አንቺ መጠለያ መጠለያ ስትዪ፣ ወደ እንግዳው ጎንበስ ብሎ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ ‹ፈትቻታለሁ፤ እሷ ግን ለእኔ ክብር ብላ ዛሬም አትለውም› ነበር የሚለው።»